ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ውስጥ ኢንተርኔት እንዴት እንደምንቀዳ

የማስተምርባት ቀበሌ ከጨንቻ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ትርቃለች። ጋሞ ደጋ ላይ ናት። እንሰት፣ ገብስ፣ የቀርከሃ አጥር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁሉንም የሚውጥ ጉም። ከትምህርት ቤቱ 50 ደቂቃ ሽቅብ ከወጣችሁ ገደሉ አፋፍ ትደርሳላችሁ። ከዚያ አባያ ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ማታ ከሆነ የአርባ ምንጭ መብራት ከሥራችሁ እንደ ፍም ተበትኗል።

የኛ ኢንተርኔት ያለው እዚያ አፋፍ ላይ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ልጆቹ "ካፌው" ይሉታል።

የተመደብኩት በ2013 ነው፣ የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ እያለሁ "ኔትወርክ የለም" ስል ቪዲዮው ቶሎ አልከፍት አለኝ ማለቴ ነበር። እዚህ ስልክ ሰዓትና የእጅ ባትሪ ሆነ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ100 የከተማ ነዋሪ 83ቱ ኢንተርኔት ይጠቀማል፣ ከ100 የገጠር ነዋሪ ደግሞ 48ቱ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከተማና ገጠሩ ተደምሮ ከ100 ሰው 27 ብቻ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ 27ም የድሎት ቁጥር ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ገጠር ለተመደባችሁ ነው። አስተማሪ ሁኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ችግሩ አንድ ነው። እኔ ብዙ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። እናንተ ስህተቱን እንዳትደግሙት።

መጀመሪያ ስለ አንዲት ተማሪዬ ልንገራችሁ። 12ኛ ክፍል ተፈትና ጥሩ ውጤት አመጣች። ውጤቱ ሲለቀቅ የከተማ ልጆች በዚያው ሌሊት አዩት። እሷ በሦስተኛው ቀን፣ ገበያ የሄደ ጎረቤት ነግሯት ነው የሰማችው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በኦንላይን ይሞላል ተባለ። ወደ ከተማ ወርዳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቤቱ ልጅ "ምን ልሙላልሽ?" አላት። እሷ "ቅርብ ይሁንልኝ፣ አርባ ምንጭ፣ ካልሆነ ወላይታ" አለችው። እሺ እሺ አለና ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እንደ መጣለት ሞላው። ፓስወርዱንም ራሱ ፈጥሮ ራሱ ያዘው። ስህተቱን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ደረሰኙን ስታሳየኝ። የማስተካከያ ጊዜ ገና አላለቀም ነበር፤ ግን መግባት አልቻልንም። ልጁን ፈልገን ስናገኘው ፓስወርዱን ረስቶታል። በዚያ ቀን ለስንት ሰው እንደሞላ ያውቃል?

አገሪቱ ሌላ ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ሄደች፣ ጎበዝ ናት፣ እየተማረች ነው። ለመስቀል ግን አልመጣችም። ለጋሞ ሰው መስቀል ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቷ ሸማኔ ናቸው። ለመሳፈሪያዋ ስንት ጋቢ መሸመን እንዳለባቸው ቁጭ ብለው ሲያሰሉ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ ማየት ያቆምኩት።

ከኔትወርኩ ልጀምር። የሞባይል ሞገድ ጋራ መዝለል አይሆንለትም። ምሰሶው ካለበት እስከ ስልካችሁ መሐል ምንም ካልከለለ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ይደርሳል። ተራራ ከጋረደው ግን ሦስት ኪሎ ሜትርም ሩቅ ነው። የኛ ቀበሌ ከጀርባው በኩል ናት። አፋፉ ግን ከታች ካለው ሜዳ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ስለዚህ ቦታ ስትፈልጉ "ከፍ ያለ የት ነው?" ብቻ አትበሉ። "ከተማው የሚታየው ከየት ነው?" በሉ። የማታ መብራቱ ከታያችሁ ሲግናሉም ብዙ ጊዜ አለ።

በስልኩ ላይ የሚታዩትን አራት ዘንጎች አትመኗቸው፣ ይዋሻሉ። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ *#*#4636#*#* ብላችሁ ደውሉ። አንዳንድ ስልክ ላይ አይከፍትም፤ ያኔ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብታችሁ የሲም ሁኔታን እዩ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ከጎኑ ዲቢኤም የሚል፤ የሲግናሉ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። 85 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ110 ሲያልፍ ባትሪ ከመጨረስ ሌላ ፋይዳ የለውም። ቁጥሩን እያያችሁ አሥር እርምጃ ወደ ግራ፣ አሥር ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሱ። እኛ ዓመት ሙሉ ስንቀመጥበት ከኖርነው ድንጋይ 30 እርምጃ ርቆ በጣም የተሻለ ቦታ ነበር። አፈርኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እኮ!

ሌላው፣ ስልካችሁ ፎርጂ ፍለጋ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የኔትወርክ ዓይነት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ እዚያ ቦታ የሚሠራውን አንዱን ምረጡለት። እኛ ጋ ስሪጂ ላይ ሲቆም ይረጋጋል።

ከሁሉም የወደድኩት የቀርከሃው ዘዴ ነው። ያመጡት የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አንዱን ስልክ ሆትስፖት ከፍተን ትንሽ ቅርጫት ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ቅርጫቱን ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አስረን እናቆመዋለን። እኛ ከታች ነፋስ ከማይነካው ቦታ ቁጭ ብለን በሌላ ስልክ ከሱ ጋር እንገናኛለን። ከፍታው ብቻ ሳይሆን እጃችንና ገላችን ሞገዱን አለመከለሉም ይጠቅማል። የመጀመሪያ ቀን ቅርጫቱን በደንብ አላሰርነውም። ስልኩ የኔ ነበር። ስክሪኑ እስካሁን እንደተሰነጠቀ ነው።

ጉሙን ግን በከንቱ ስንወቅሰው ከርመናል። "ጉም ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል" ይላል አገሬው፣ እኔም አምኜ ነበር። አንዷ ልጅ በየቀኑ ሲግናሉ የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ እንድትጽፍ አደረግን። ወር ሲሞላ ስናየው ከጉሙ ይልቅ ከታች መብራት ከሚጠፋበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ለሞባይል ሞገድ ጉም ቁም ነገሩ አይደለም። ይህ ምን ይጠቅማል? ጠዋት ጉም ስታዩ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትቀሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ከከተማ የመጣ ሰው ፈልጋችሁ "መብራት አለ?" ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ስለ ጥቅል አንድ ነገር ልበል። የ24 ሰዓት ጥቅል የተሠራው ለከተማ ሰው ነው። እኛ ከ24ቱ ሰዓት የምንጠቀመው አንዷን ነው፤ የቀረው ኪሳችን ውስጥ እያለ ይቃጠላል። ስለዚህ ረዘም ያለ ቀን ያለውን ግዙ፣ ብዙ ሜጋ ባይኖረውም። አለዚያ ሂሳብ ብቻ ሞልታችሁ ውጡና ቦታው ላይ ስትደርሱ በ*999# ግዙ። ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የፕሌይ ስቶርን አውቶማቲክ አፕዴት አጥፉ። ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚያወርደውንም አጥፉ። አለዚያ ሲግናል ስታገኙ ስልኩ ከናንተ ቀድሞ ይጠጣና እናንተ ባዶ ጥቅል ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ላይ ደርሷል፣ ሁለት ጊዜ።

ይህ ሁሉ ግን ለአንድ ሰው ነው የሚሆነው። 40 ተማሪ አፋፍ ላይ አይወጣም። በተለይ ሴቶቹ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሃው፣ እንጨቱ፣ እንሰት መፋቁ ይጠብቃቸዋል። ሲመሽ ደግሞ ወላጅ አይለቃቸውም፣ እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት "ካፌው" ላይ ሴት ልጅ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። እኔ ደግሞ ይህን ልብ ሳልል "አፋፍ ወጥታችሁ እዩት" ብዬ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር። ያልሠራችውን ልጅ ተቆጥቼ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጨንቻ ገበያ ልሄድ ስነሳ አንድ ተማሪ መንገድ ላይ አገኘኝ። እናቱ ጀሪካን ተሸክመው ከኋላው ይመጣሉ። "ቲቸር፣ ከተማ ከሄዱ ፊዚክሱን ይቅዱልን" አለኝ። እናትየው ሳቁ። በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ልጁ ተረጎመልኝ፦ "እሱም እንደ ውሃ ይቀዳል እንዴ? ታዲያ ለምን ሁላችሁም ትወርዳላችሁ? አንድ ሰው ወርዶ ለሁሉም ይዞ አይመጣም?"

እውነትም። ውሃ ሲርቅ አንዱ ይቀዳል፣ ቤተሰቡ ይጠጣል። እኔ ዓመት ሙሉ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ምንጩ ስነዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ከተማ ውስጥ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ልጆች አሉ። በየትኛውም ትንሽ ከተማ ታገኟቸዋላችሁ። ስፒከር ደጁ ላይ የሚጮህ ጠባብ ቤት፣ ውስጡ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ለገጠሩ ሰው እውነተኛው ኢንተርኔት እነሱ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ከአንዱ ጋር ተወዳጀሁ። ዝርዝር እሰጠዋለሁ፣ ሌሊት መስመሩ ሲቀል ያወርደዋል፣ ቅዳሜ ሄጄ እቀዳለሁ። ለድካሙ እከፍለዋለሁ፣ ከፊልም ዋጋ ብዙም አይበልጥም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ እኛ ጋ ሳይደርስ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይዞር ነበር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን በሙሉ ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ጉድ አደረገኝ። ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ኪዊክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። ፋይሉ አንዴ ይወርዳል፣ ከዚያ ዳታ አይፈልግም። ልጁ ሦስት ሌሊት ለፍቶ አንድ ትልቅ ፋይል አወረደልኝ። ሚሞሪው 64 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን "ቦታ የለም" እያለ እምቢ አለ። ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ብዙ ፍላሽና ሚሞሪ ፋት 32 በሚባል አሠራር የተዘጋጀ ነው። ይህ አሠራር ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፣ ምንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር። መፍትሔው ወደ ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ስልካችሁ ኤክስፋት ማንበቡንም እዚያው ሞክሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ከተመለሳችሁ በኋላ አይደለም የሚሞከረው።

ሁለተኛው ጉዞ ቫይረስ ይዞ መጣ። ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ አሉ። ይህ ሲገጥማችሁ አትደንግጡ፣ ሾርትከቱንም አትክፈቱት። ዋናው ፋይል ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። የተደበቀ ፋይል አሳይ የሚለውን ስትከፍቱ ይወጣል። አሁን ግን ሌላ ዘዴ አለኝ። ኦቲጂ የሚሏት ትንሽ ገመድ አለች፤ ፍላሹን በቀጥታ ስልክ ላይ ትሰካለች። ወደ ልጆቹ የሚሄደው ነገር ሁሉ መጀመሪያ በሷ በኩል ስልኬ ላይ ይፈተሻል። የዊንዶውስ ቫይረስ አንድሮይድ ላይ አይሠራምና እዚያው አይቼ አጠፋዋለሁ።

ምን እንውሰድ ለምትሉ፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነፎቶው ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ እርሱት። ፎቶ የሌለው አለ፣ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውም አለ። ለተማሪ ይህ ቀላሉ ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል፤ ዋናውን እኔም አንዳንዴ አልረዳውም። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ያለው ስለሆነ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። አማርኛው ለሳይንስ ብዙም አያወላዳም፣ ለታሪክ ግን ልጆቹ ይወዱታል።

ሁለተኛው ኮሊብሪ ይባላል። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ይገባበታል። ሙሉውን ሳይሆን የምትፈልጉትን ርዕስ ብቻ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። እንግሊዝኛ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም እንግሊዝኛ ስለሆነ ይገጥማል። ላፕቶፕ ላይ ትጭኑታላችሁ። ከስልክ ሆትስፖት ትከፍታላችሁ፣ ዳታው ጠፍቶ። ላፕቶፑም የልጆቹም ስልክ እዚያ ሆትስፖት ላይ ይገናኛሉ። ልጆቹ ክሮም ከፍተው ኮሊብሪ የሚያሳየውን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ትምህርቱ ይመጣል። አንድ ሳንቲም ዳታ አይበላም። የስልክ ሆትስፖት ከስምንት እስከ አሥር ስልክ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ በቡድን እናደርጋለን። ስልክ ያለው ልጅ ጥቂት ነው፤ አንድ ስልክ ለአራት አምስት።

የመጀመሪያ ቀን "ትምህርት ቤት ዋይፋይ ገባ" ተብሎ ወሬው ቀበሌውን አዳረሰው። ከሰዓት በኋላ የማላውቃቸው ጎረምሶች ግቢውን ሞሉት። አንዱ ቲክቶክ ፈልጎ አጣ። "ምኑን ዋይፋይ ሆነ ታዲያ!" ብሎ ተናዶ ሄደ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩ። ነገሩን "ዋይፋይ" አትበሉት፣ "ቤተ መጻሕፍት" በሉት።

መብራት የለንም። ትንሽ ሶላር አለን፣ ላፕቶፑን ግን አትሸከመውም። ጉም በሆነ ቀን ደግሞ ጭራሽ። ላፕቶፕ ሲደክም ኪዊክስን ስልክ ላይ እንከፍታለን። መተግበሪያው ራሱ ለሌሎች ስልኮች የሚያካፍልበት መንገድ አለው። ስልክ በትንሽ ሶላርም ይሞላል። አሁን ሳስበው ከስልክ ብንጀምር ይሻል ነበር። እኔ ግን ከተሜ ስለሆንኩ ላፕቶፕ ካልታየ ሥራ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ከጠበቅኩት በላይ የሠራውን ልንገራችሁ። በልጆቹ ቤት ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ብዙዎቹ የሚሞሪ ማስገቢያ አላቸው፣ ስፒከራቸውም ጠንካራ ነው። ዘፈን ከተጫወተ ትምህርት ለምን አይጫወትም? የ9ኛ ክፍልን ፊዚክስ በምዕራፍ በምዕራፍ ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ ድምፅ ቀረጽኩት። የ11ኛ ክፍል አንዲት ልጅ ከባዱን ቦታ በጋሞኛ አብራራችው። እኔ ስለ ሰበቃ ኃይል የማወራው ደረቅ ነው፤ እሷ የእንሰት ቅጠል ላይ ቆሞ ቁልቁል ስለመንሸራተት ታወራለች። ማን እንደሚደመጥ ገምቱ። አንዷ ተማሪ ቤቷ እንሰት ስትፍቅ ስልኩ አጠገቧ ይናገራል። አባቷ ሲሸምኑ ይሰማሉ። አንድ ሸማኔ አባት መንገድ ላይ አስቁመው "ያቺ ስለ ፍጥነት የምታወራው ልጅ ቀጣዩን መቼ ትናገራለች?" ብለውኛል። ልብ በሉ፣ የስልክ መቅጃ ብዙ ጊዜ ኤም ፎር ኤ በሚባል ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው። ባለ ቁልፍ ስልክ ይህን አያጫውትም። ወደ ኤምፒስሪ ቀይሩት። ዘፈን ጫኙ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል።

በ2016 የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ሌላ ጭንቀት መጣ። የኛ ልጆች ማውስ ነክተው አያውቁም። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ሁሉ የኮምፒውተር እጦት ነው አልልም፣ ያኔ ፈተናው በወረቀት ነበር። ግን ወረቀቱ ራሱ የከበደውን ልጅ ማውስ ይጨመርበት? ስለዚህ በአንዷ ላፕቶፕ እያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ይለማመዳል። ኮሊብሪ ላይ አስተማሪ ፈተና ማዘጋጀት ይችላል። ትልቁ ፍርሃታቸው ጥያቄው አልነበረም። "ሌላ ቦታ ብነካ የመለስኩት ሁሉ ይጠፋል" ብለው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሆን ብዬ እንዲሳሳቱ አደርጋለሁ። ወደ ኋላ ሂዱ፣ መልስ ቀይሩ፣ የፈለጋችሁትን ንኩ እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ይረጋጋል።

ለትልልቆቹ ሰዎች ኢንተርኔት ቅንጦት ነው፤ ብር ግን ቁም ነገር ነው። ብዙ የጋሞ ልጆች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይሸምናሉ፣ ለወላጅ ብር ይልካሉ። ቴሌብር ሲግናል ካለበት ቦታ በ*127# ያለ ኢንተርኔት፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ስማርት ስልክ ካልያዙ የማይሆን ይመስላቸዋል። ችግሩ የምስጢር ቁጥሩ ነው። እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ ይነግራሉ። ልጁ ያውቀዋል፣ ጓደኛው ያውቀዋል፣ በመጨረሻ መንደሩ ያውቀዋል። አንዲት እማማ ብራቸው ጎድሎ ሲያለቅሱ ካየሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥሩን ብቻ እንዲለምዱ እናስተምራለን። አራቱን ጫፍ፣ መሐሉን፣ የቁልፎቹን ቦታ በጣት። ፊደል አያስፈልገውም። ጥለት የሚሠራ ሰው እጁ ቦታ አይረሳም።

ማመልከቻም ጽፈናል። የመጀመሪያው "ኔትወርክ እንዲገባልን በትሕትና እንጠይቃለን" የሚል ነበር። መልሱ "በዕቅድ ተይዟል"። ሁለተኛውን ስንጽፍ ብልህ ሆንን። የአባወራ ብዛት፣ የተማሪ ብዛት፣ የጤና ኬላው፣ በየቦታው የለካነው የሲግናል ቁጥር፣ የቀበሌው ማኅተም። ለእያንዳንዱ የምንሄድበት ቢሮ ኮፒ አስቀረን። እስካሁን ምሰሶ አላየንም። ቢያንስ ግን መጥተው ለክተው ሄደዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚ አቤቱታ እንደሚቀበልም እወቁ። ብዙ ሰው የሚሄድበት በር አንድ ብቻ ይመስለዋል።

ያች ተማሪዬ የገጠማት እንዳይደገም ደግሞ አንድ ደብተር አለን። ከተማ የሚወርድ ሰው ይዞት ይወርዳል። የሚፈልግ ሁሉ ይጽፍበታል፦ ውጤት ይታይልኝ፣ ፎርም ይሞላልኝ፣ ይህ ፋይል ይምጣልኝ። ፎርም ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ መውረድ አለበት፣ ከአንድ አስተማሪ ጋር። ምርጫውን ቤቱ ሆኖ በወረቀት በተራ ቁጥር ጽፎ ይመጣል። ኢሜይሉና ስልክ ቁጥሩ የራሱ ይሁን፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ አይሁን። ፓስወርዱን በራሱ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ይጽፋል፣ በጋራው ደብተር ላይ በፍጹም። ከመውጣቱ በፊት የሞላውን ገጽ በስልክ ፎቶ ያነሳል። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ይቸኩላል፣ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ተረኛው እኔ ነኝ። ደብተሩ ላይ 17 ነገር ተጽፏል። የ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች። የገብስ ዋግ በሽታ ፎቶ፣ ለግብርና ባለሙያው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የክትባት ቅጽ። አንድ ተማሪ የማንቸስተር ጨዋታ ውጤት፣ "ካልረሱት" ብሎ። የመጨረሻው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው፦ "ሽሮ ሜዳ ያለው ልጄ የወለደውን ፎቶ ልኬያለሁ ብሏል፣ ይዘውልኝ ይምጡ።" ከሥሩ የጣት አሻራ አለ። ስልኬን ሶላሩ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ ፍላሹን ባዶ አድርጌዋለሁ። ኤክስፋት መሆኑንም አይቻለሁ።